የሰባው ሱባዔ ሒሳብና ቁጥር 24

ዳንኤል 9 ተፈጽሟል ወይስ ገና ነው የሚል ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚወጣው እርሳስና ወረቀት ነው። አንዱ ሱባዔ ሰባት ዓመት ነው ሲባል ሰባ ሱባዔ 490 ዓመት፤ እስከ መሲሑ ያለው 69 ደግሞ 483። ትንቢቱን ለክርስቶስ የሚሰጡት አብዛኞቹ እዚህ ድረስ አይጣሉም።

ጠቡ ከየት ይቆጠር የሚለው ላይ ነው፤ ትንቢቱ ኢየሩሳሌምን ለመጠገን ትእዛዝ ከሚወጣበት ጊዜ ጀምሮ ይላልና። ዕዝራ 7 ላይ ካለው የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ትእዛዝ፣ ከ457 ቅ.ል.ክ. ከተነሡ 27 ዓ.ም. ይደርሳሉ፤ የጥምቀቱ ዘመን መሆኑ ነው። ከ483 ላይ 457 ቀንሶ 26 የሚል አይጠፋም፤ ዜሮ ዓመት ስለሌለ አንድ ይጨመርበታል። ደግሞ ይህ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ቤተ መቅደሱ የተቃጠለበት የ70 ክረምት በእኛ 62 ነው፤ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው አንድ ሙሉ ሱባዔ ይስታል!

ይኸው ንጉሥ ነህምያ 2 ላይ ከሰጠው ፈቃድ፣ ከ445 ቅ.ል.ክ. የሚነሡት ግን 39 ላይ ይወድቁና ስቅለቱን ያልፉታል። የስኮትላንድ ያርዱ ሹም ሮበርት አንደርሰን ለዚህ መላ አገኘ፤ ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ በ173,880 ቀን 32 ዓ.ም. ላይ አሳረፈው። 360ው የመጣው ከራእይ ነው፤ እዚያ 42 ወርና 1,260 ቀን እኩል ናቸውና። እኔን አያሳምነኝም። አይሁድ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንድ ወር እየጨመሩ ፋሲካን ከወቅቱ ጋር ያስኬዱ ነበር፤ 173,880 ቀን በእውነተኛው ዓመት 476 ያህል ብቻ ነው፤ 476 ፋሲካ አክብሮ 483 ዓመት ሞላኝ የሚል አይኖርም።

የቀረችው አንዷ ሱባዔስ? ቁጥር 27 ላይ በሱባዔዋ እኩሌታ መሥዋዕቱን የሚያስቀረው ክርስቶስ ነው ካልን በሞቱ ተፈጽማለች፤ ሐሳዊ መሲሕ ነው ካልን ገና ናት። ይህን ሁለተኛውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰባኪ የጆን ዳርቢ ፈጠራ ነው ብሎ ማለፍ ይቀናል፤ ነገር ግን የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አቡሊዲስ ዘሮሜም (ሂፖሊተስ) በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጨረሻዋን ሱባዔ ለዓለም ፍጻሜ አቆይቷታል።

ለእኔ የሚመዝነው ቁጥር 24 ነው። ሰባው ሱባዔ የሚያከናውናቸው ስድስት ነገሮች እዚያ ተዘርዝረዋል። «በደልንም ያስተሰርይ» የሚለው በመስቀሉ ተፈጸመ ቢባል የሚቃወም ክርስቲያን አላውቅም። «የዘላለምን ጽድቅ ያገባ» ግን «በሕዝብህና በቅድስት ከተማህ ላይ» ተብሎ ስለተነገረ፣ ገና ነው ባዮች ኢየሩሳሌምን እያሳዩ የታለ ይላሉ። ይህን ጥያቄ በሒሳብ መመለስ አይቻልም። ተፈጽሟል ባዮችም ቢሆኑ ክፍተት አለባቸው፤ ከ27 የተነሣችው ሱባዔ 34 ላይ ታልቃለች፣ ከተማዪቱ የጠፋችው ከዚያ 36 ዓመት ቆይታ ነው። መልሳቸው ቁጥር 26 ጥፋቱን ከመሲሑ መገደል በኋላ ያደርገዋል እንጂ በሱባዔዋ ውስጥ ይሆናል አላለም የሚል ነው፤ ጽሑፉም ይህን አይከለክልም።