የክፍልፋይና የፐርሰንት ጥያቄ፦ ከስሌቱ በፊት «የምኑ?»

ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና በተደጋጋሚ የማየው ነገር አለ። የ20 ሦስት አራተኛ ስንት ነው ሲባሉ ብዙዎቹ ፈጥነው 15 ይላሉ። ያው ስሌት በዐረፍተ ነገር ተሸፍኖ ሲመጣ ግን እርሳሱ ይቆማል፤ ወይም በጥያቄው ውስጥ ያገኙትን ቁጥር ሁሉ እየደመሩና እያባዙ መልስ ይፈልጋሉ። ማባዛቱን ያውቁታል። የጎደላቸው ክፍልፋዩ የምን ክፍልፋይ እንደሆነ መለየት ነው። የማስጠናበት መንገድ በሙሉ የቆመው በዚች አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፦ «የምኑ?»

ቁጥር ከመንካታችን በፊት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ እናነባለን። በመጀመሪያው ንባብ ልጁ ቁጥሮቹን በጣቱ ሸፍኖ ነገሩን ብቻ ይነግረኛል፦ ማን ምን ነበረው? ምን አደረገበት? የተጠየቅነው ምንድን ነው? በሁለተኛው ንባብ ከእያንዳንዱ ክፍልፋይና ፐርሰንት ሥር የ«የምኑ?»ን መልስ በእርሳስ ይጽፋል። «የገንዘቧን 1/3» ከሆነ «ገንዘቡ ሁሉ»፣ «ከቀራት 1/4» ከሆነ «የቀረው» ብሎ። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ከሆነ መጀመሪያ በአማርኛ እንዲተርክልኝ አደርጋለሁ። በእንግሊዝኛው ሙሉው ነገር የሚገኘው ከክፍልፋዩ በኋላ፣ ከ«ኦፍ» ቀጥሎ ነው፤ በአማርኛ ግን «የ» ወይም «ከ» ይዞ ይቀድማል። ሁለቱን እያቀላቀለ የሚያነብ ልጅ ሙሉውን የሚስተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሥዕል ነው። ባለ ካሬ ደብተር ላይ ረጅም ሳጥን እንሥላለን፤ ሳጥኑ «ሙሉው» ነው። ለጀማሪ 12 ካሬ ርዝመት ይበቃል፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ4ና ለ6 እኩል ይከፈላልና። አምስተኛና አሥረኛ ሲመጣ 10 ወይም 20 ካሬ እንወስዳለን። ብዙ አስጠኚዎች ክብ መሣል ይወዳሉ፤ እኔ አልመክርም። ልጅ በእጁ ክብን ለሦስት ወይም ለአምስት እኩል መክፈል አይችልም፤ ክፍሎቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ያሳስተዋል።

አንድ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ልውሰድ። አንዲት እናት 600 ብር ይዛ ገበያ ወጣች። የገንዘቧን 1/3 ለሽንኩርት፣ ከቀራት 1/4 ለዘይት አወጣች። ስንት ብር ቀራት? ሳጥኑን ለሦስት ከፍለን እያንዳንዱ ላይ 200 እንጽፋለን። አንዱን አጠቆርነው፤ የሽንኩርቱ ነው። ነጭ ሆነው የቀሩት ሁለቱ ክፍሎች 400 ብር ናቸው። «የምኑ 1/4?» «የቀረው»። ስለዚህ ለአራት የሚከፈለው ነጩ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 100። አንዱን ስናጠቁር 300 ብር ይቀራል። እዚህ ጥያቄ ላይ በብዛት የሚመጣው የተሳሳተ መልስ 250 ነው። ሁለተኛውንም ክፍልፋይ ከ600 ላይ ወስደው 150 ስላደረጉት ነው። 1/3ን እና 1/4ን ደምረው 7/12 ያደረጉትም እዚያው 250 ላይ ይደርሳሉ። ልጁ 250 ካለ ስሌቱን አላርምም፤ «ከቀራት» በሚለው ቃል ሥር ምን እንደጻፈ ነው የማየው።

መደመር ሲነሣ ሌላ የተለመደ ስሕተት አለ፦ 1/2 + 1/3 = 2/5። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት መደመር። ደንቡን ደጋግሞ ከመናገር ይልቅ በዚያው ሳጥን ላይ ከ12 ካሬ ግማሹን፣ 6፣ ሲሶውን፣ 4፣ እናጠቁራለን፤ 10 ካሬ፣ ማለትም 5/6 ይሆናል። ከዚያ 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ አሳየዋለሁ። ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ በታች የሚመጣ መልስ ትክክል ሊሆን እንደማይችል አንዴ ያየ ልጅ ራሱን ማረም ይጀምራል።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ቀሪው ተነግሮ ሙሉው ሲጠየቅ ነው። አንድ ተማሪ የመጽሐፉን 3/5 አነበበ፤ 48 ገጽ ቀረው። መጽሐፉ ስንት ገጽ ነው? «ቀረ» ሲባል መቀነስ፣ «በጠቅላላ» ሲባል መደመር ብለው የተማሩ ልጆች እዚህ ይወድቃሉ፤ የሚቀነስበት ቁጥር የለማ። ቃል እየለቀሙ ስሌት መምረጥን ፈጽሞ አላስተምርም፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ይሠራል፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ያሳስታል። ሳጥኑ ለአምስት ይከፈል፣ ሦስቱ ይጥቆር። 48 የት ነው የሚጻፈው? በሁለቱ ነጭ ክፍሎች ላይ። እንግዲያው አንዱ ክፍል 24 ነው፤ አምስቱ 120 ገጽ። 80 የሚል መልስ ከመጣ 48ን የጻፈው በጠቆሩት ሦስቱ ላይ ነው ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 80 ገጽ ቢሆን 3/5ኛው 48 ይሆንና የሚቀረው 32 ነው፤ ጥያቄው ግን 48 ቀረ ይላል። መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ ማንበብን ከስሌቱ እኩል ጊዜ እሰጠዋለሁ።

ፐርሰንትን የማስጀምረው በኩንታል ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ የኩንታሉ 1 ፐርሰንት 1 ኪሎ፣ 25 ፐርሰንቱ 25 ኪሎ ነው። ይህ ሲገባቸው ወዲያው ሁለት ኩንታል አመጣለሁ፤ አለበለዚያ 25 ፐርሰንት ሁልጊዜ 25 ይመስላቸዋል። የሁለት ኩንታል 25 ፐርሰንት 50 ኪሎ ነው፤ ፐርሰንቱ አልተለወጠም፣ ሙሉው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ 10 ፐርሰንትን መነሻ እናደርጋለን። የ240ን 35 ፐርሰንት ለማግኘት 10 ፐርሰንቱ 24፤ 30 ፐርሰንቱ 72፤ 5 ፐርሰንቱ የ24 ግማሽ 12፤ ድምሩ 84። በ100 ማካፈልንና ማባዛትን ከዚህ በኋላ ቢማሩት መልሳቸውን የሚመዝኑበት ነገር ይኖራቸዋል። ለልምምድ የራሳቸው የፈተና ውጤት ጥሩ ነው። ከ25 18 እና ከ20 15 ያመጣ ልጅ የቱ ይሻላል? ታሕቱን ወደ 100 ስናመጣ የመጀመሪያው በ4 ተባዝቶ 72፣ ሁለተኛው በ5 ተባዝቶ 75 ፐርሰንት ይሆናል።

ሙሉው በመሐል የሚለወጥባቸው ጥያቄዎች አዋቂንም ያሳስታሉ። 800 ብር የነበረ ጫማ 25 ፐርሰንት ጨመረ፤ ቆይቶ 25 ፐርሰንት ቀነሰ። ልጆች ወደ 800 ተመለሰ ይላሉ። ጭማሪው የ800 ነው፣ 200 ብር፤ ዋጋው 1,000 ሆነ። ቅናሹ ግን የ1,000 ነው፣ 250 ብር፤ 750 ላይ ይቆማል። ሁለት ሳጥን አንዱን ከሌላው በታች ማሣል ግድ ነው፤ በአንድ ሳጥን ላይ ለመሥራት ሲሞክሩ ነው የሚምታታባቸው።

የተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ነው። ታክሱ 15 ፐርሰንት ሆኖ፣ ታክስ ጨምሮ 1,150 ብር የተከፈለበት ዕቃ ያለ ታክስ ስንት ነበር? የ1,150ን 15 ፐርሰንት፣ 172.50፣ ቀንሶ 977.50 ማለት የተለመደው ስሕተት ነው። 15 ፐርሰንቱ የተሰላው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ያ ዋጋ 100 እጅ ከሆነ የተከፈለው 115 እጅ ነው፤ 1,150 ለ115 ሲካፈል አንዱ እጅ 10፣ መነሻው 1,000 ብር። ሱቅ የተቀበላችሁትን ደረሰኝ አምጡና ልጁ ራሱ ይሞክረው።

«በ» እና «ወደ»ንም አትለፏቸው። 500 ብር በ20 ፐርሰንት ሲቀንስ 400 ይሆናል፤ ወደ 20 ፐርሰንቱ ሲቀንስ 100። ፈጥኖ የሚያነብ ልጅ ልዩነቱን አያየውም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ እሰጣለሁ።

በአንድ ቁጭታ ሦስት ጥያቄ በሥዕልና በማረጋገጫ መሥራት ሃያ ጥያቄ ከማሯሯጥ ይበልጣል። ወላጆችንም እርሳሱን ከልጁ እጅ እንዳይቀበሉ አደራ እላለሁ፤ ልጁ ሲቆም «የምኑ?» ብሎ መጠየቅና መታገሥ በቂ ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ሁሉም የቀሪ ጥያቄ ከሆኑ ልጁ ሁለተኛውን ሳያነብ በመጀመሪያው መንገድ ይሠራዋል።

ሁሉንም አንድ ላይ ለመፈተን የምሰጠው ጥያቄ ይህ ነው። በአንድ ክፍል ካሉት ተማሪዎች 60 ፐርሰንቱ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ 1/4 መነጽር ያደርጋሉ፤ እነሱም 6 ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? 60 ፐርሰንት ቀድሞ ስለተጻፈ ልጆች ከእሱ መጀመር ይፈልጋሉ፤ መጀመር ያለበት ግን ቁጥሩ ከታወቀው ነው። 6ቱ የሴቶቹ ሩብ ናቸውና ሴቶቹ 24። 24 የክፍሉ 60 ፐርሰንት ነው፤ 10 ፐርሰንቱ 4፣ ክፍሉ 40። 6ቱን የክፍሉ 60 ፐርሰንት አድርጎ 10 ተማሪ ያለ ልጅ መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ ያንብብ፦ ከ10 ተማሪ 6ቱ ሴቶች ናቸው፣ የ6 ሩብ ደግሞ አንድ ተኩል ነው።