ከሴፍቲኔት ወደ ቅጥር፦ ማህደሩን ቶሎ ያለመዝጋት ጥቅም

በአዲስ አበባ በአንድ ወረዳ የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ወደ ሥራ በማሸጋገር እሠራለሁ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው ፕሮግራም መሥራት ለሚችሉ ሰዎች የሦስት ዓመት ጊዜ ሰጣቸው፤ አካባቢ እያጸዱ፣ ችግኝ እየተንከባከቡ ይከፈላቸዋል፣ ከክፍያቸውም 20 በመቶው ይቆጠባል። ሲመረቁ ብዙዎቹ ጉልት ወይም ሌላ አነስተኛ ንግድ ይመርጣሉ። እኔ የምይዘው ተቀጥረው መሥራት የሚፈልጉትን ነው።

ማህደር ሲከፈት ቅጹ የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ነው። እኔን የጠቀሙኝ ግን ከሥሩ በእጄ የምጨምራቸው ጥያቄዎች ናቸው፦ ልጅ ማን ይጠብቃል? ለታክሲ በቀን ስንት ይወጣል? ተያዥ አለ? ይህች የመጨረሻዋ ስንቱን ከደጅ መልሳለች! ደመወዝተኛ ዘመድ ያለው ሰው ድሮስ ሴፍቲኔት ውስጥ ምን ይሠራል?

አንዲት የሦስት ልጆች እናት በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተፈልጋ ተያዥ አጥታ ልትቀር ነበር። ሄጄ የአስተዳደር ኃላፊውን "ገንዘብ አትይዝ፣ ንብረት አትረከብ፤ አንሶላ ለማጠብ ተያዥ ምን ያደርጋል?" አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው የሚያውቃት አካል ይጻፍላት" አሉ። የእድሯ ዳኛ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጧት፤ በዚያው ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ የቀጣሪዎችን ቢሮ ማንኳኳት ልማዴ ሆነ።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ወር ነው። ደመወዝ ወር ጠብቆ ይመጣል፤ ታክሲ ግን በየማለዳው ይከፈላል። በሁለተኛው ሳምንት የሚቀሩትን "ሥራ አይወዱም" ይሏቸዋል፤ ቤታቸው ሄዶ የጠየቀ ግን የለም። ስለዚህ ቁጠባቸውን ሲያወጡ የአንድ ወር ታክሲና ምሳ እንዲያስቀሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ያቺ እናት "ለአልጋ ያሰብኩትን ለታክሲ ልበትን?" ብላ አኩርፋኝ ነበር፤ ሆኖም አስቀረች።

ሪፖርት ላይ ሰው "ሥራ አገኘ" የሚባለው በተቀጠረበት ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ማሰናበት ቀላል ነው። አለቃዬ ክፍት ማህደር ባይወዱም የሙከራ ጊዜው ሳያልፍ አልዘጋም። እስከዚያው እደውላለሁ፤ ለሠራተኛዋም፣ ለቅርብ ኃላፊዋም። ማርፈድ ስትጀምር ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።