ለአበባ ገብቼ አሳላፊ ሆንኩ

ባንጋሎር የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ማላያሊዎች ናቸው። ከኬረላ፣ ከሕንድ ደቡብ ግዛት፣ የመጡ። ክረምቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ግቢው በኦናም ይታመሳል። የመኸር በዓላቸው ነው። በ2014 ዋናው ቀን፣ ቲሩቮናም፣ ጳጉሜ 3 ዋለ። ሐሙስ ስለነበር የግቢው ድግስ ወደ እሁድ ተገፋ። እሁድ ደግሞ መስከረም 1! እንቁጣጣሽን ቤቴ ተቀምጬ ከማሳልፍ ብዬ «ሥራ ስጡኝ» አልኩ። አበባ ሰጡኝ።

የአበባው ነገር እንዲህ ነው። ማሃባሊ የሚባል ደግ ንጉሥ ነበር ይላሉ። በሱ ዘመን ሌባ የለ፣ ውሸት የለ፣ ሁሉም እኩል። አማልክቱ ቀኑበት። ቪሽኑ የሚባለው አምላክ ድንክ ባሕታዊ መስሎ መጣና ሦስት እርምጃ መሬት ለመነው። እሺ ሲለው ድንኩ ገዘፈና በሁለት እርምጃ ምድርና ሰማዩን ጨረሰ። ለሦስተኛው ንጉሡ አናቱን ሰጠ፤ ከምድር በታች ወረደ። በዓመት አንዴ ግን ሕዝቡን እንዲጎበኝ ተፈቀደለት። ፑካላም የሚሉት የአበባ ምንጣፍ እሱን ለመቀበል ነው። (እኔ እስከ ዛሬ ለንጉሡ ነው የምፈርደው።)

አበባውን ይረክሳል ብዬ አርብ ገዛሁ። ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ማታ ስፈታው እንደ ጎመን ቅቅል ሸተተኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና አበባ ወደሚሸጥበት ኬ አር ገበያ ሄድኩ። አበባ ከሥራው ሌሊት በፊት አይገዛም፤ ከተገዛም አየር ያግኝ። ቅርጹ አስቀድሞ በጠመኔ ይሰመራል፤ መሙላት የሚጀመረውም ከመሐል ነው። በዚያ ሳምንት ከተማዋን ጎርፍ አጥለቅልቋት ስለነበር ምንጣፉን አዳራሽ ውስጥ ሠራን። ዝናቡን አመለጥን ስንል አንድ ሰው ሞቆት የጣሪያውን ማራገቢያ ከፈተው። ግማሹ ቢጫ አበባ ግድግዳ ሥር ተገኘ።

ዋናው ጉዴ ግን ምሳው ላይ ነው። ሳድያ ይሉታል። በሙዝ ቅጠል ላይ ከሃያ በላይ ዓይነት ይቀርባል። ሥጋ የለበትም። የጾም ነው እንዳልል ቅቤና እርጎ አለው። ሰው የሚበላው በዙር ነው። ለሦስት ዙር፣ በየዙሩ ለሰማንያ ሰው ኩፖን ቆርጠናል። አንዱ አሳላፊ ቀረና ባልዲና ጭልፋ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ቅጠል አነጠፍኩ። ሃያውን ገልብጬ! ቀጭኑ ጫፍ በሚበላው ሰው ግራ መሆን አለበት። ጨው፣ የሙዝ ጥብስ፣ ዝንጅብልና ማንጎ አስቀድመው ይቀመጣሉ። ሩዙ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ታችኛው ግማሽ ላይ ይወርዳል፤ የክክ ወጥና ቅቤ፣ ከዚያ ሳምባር የሚሉት የአትክልት ወጥ ይከተላል። ይሄን በቀላሉ ለመድኩ።

ያልለመድኩት «በቃኝ»ን ማመን ነው። ሰዎቹ ሲበቃቸው እጃቸውን ቅጠሉ ላይ ይዘረጋሉ። እኔ ይሉኝታ መሰለኝ። እኛ አገር በቃኝ ያለ ሰው መቼ ተለቆ ያውቃል? የእጃቸውን ዳር እየታከክሁ አፈሰስኩ።

አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁሉም «ማሽ» ይላቸዋል፣ መምህር ማለት ነው። ድሮ ብዙ የኬረላ መምህራን ኢትዮጵያ ሲሄዱ እሳቸውም ሄደው ጎጃም ሒሳብ አስተምረዋል። አዳ ፕራዳማን ይዤ ደረስኩባቸው። በኮኮናት ወተትና ባልተጣራ ስኳር የሚሠራ ጣፋጭ ነው። እጃቸውን ዘርግተው በጠራ አማርኛ «በቃኝ» አሉ።

«በሞቴ!» አልኳቸው።

ከልባቸው ሳቁ። ጨመርኩላቸው። ጎናቸው ላሉትም ጨመርኩ። እስከ ረድፉ መጨረሻ በሞቴ ሆነ።

ሦስተኛው ዙር ሲቀመጥ የባልዲው ቂጥ ታየ። ሰላሳ ሰው ያለ አዳ ፕራዳማን ተነሣ። ከነሱ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ኮኮናት ሲፍቁ የዋሉት ሴቶች ነበሩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ እሱ ባሰብኝ። ማላያሊዎች «ንብረትህን ሸጠህም ቢሆን የኦናምን ምሳ ብላ» የሚል ተረት አላቸው። ማሽ ተረቱን ነገሩኝና «ሸጠው መጥተው ባዶ ባልዲ አሳየሃቸው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ድግስ ላይ ስረዳ መጀመሪያ የምጠይቀው ጭልፋው ስንት ሰው እንደሚያደርስ ነው። ለሠራተኞቹም ድርሻቸው ቀድሞ ተቀንሶ ይቀመጣል። ልጆችም ኩፖን ይቆረጥላቸዋል፤ ያኔ አልቆጠርናቸውም ነበር፣ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ብቻ አይደለም።

በዓመቱ ኦናም ሲደርስ እንደገና ሥራ ጠየቅሁ። ኮሚቴው ተመካክሮ ጨው ሰጠኝ።