ቀዩ እርሳስ

ይህን ነገር ለልጆቼ እንኳ አውርቼ አላውቅም።

ጊዜው መጋቢት 1980 ነው። የኤርትራዋ ከተማ አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወድቃለች። በእኛ በመንግሥት ሬዲዮ ዜና ግን ስሟ አይነሳም። አስመራ ያለ ሰው ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ከ1971 ጀምሮ ከሜዳ የሚተላለፈውን የሻዕቢያ ሬዲዮ ድምጺ ሓፋሽን ይሰማል። ከዚያ የእኛን የትግርኛ ዜና ከፍቶ ያመዛዝናል።

ቢሯችን በጅማ መንገድ፣ ዓለም ገና ሳይደረስ ነበር። ዜናው በአማርኛ ይመጣል። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ተርጓሚ ወደ ትግርኛ ይመልሱታል። እኔ ደግሞ የእሳቸውን ትግርኛ መልሼ አማርኛ አደርገዋለሁ። ለምን ቢባል፣ የሳንሱር ኃላፊው ትግርኛ አያውቅም። ሁለቱን አማርኛ ጎን ለጎን ዘርግቶ መስመር በመስመር ያመሳክራል። ከተስማማው «ይተላለፍ» የሚል ማኅተም ይመታበታል።

ያን ቀን የመጣው ስለ አንድ የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ ካድሬ ነው። «ነባር ታጋይ» ይለዋል። ጋሼ «ነባር ተቓላሳይ» ብለው ጻፉ። ኃላፊው ጠራኝ። ቀዩ እርሳስ ቃሉ ላይ ቆሟል።

«ጓድ፣ ታጋይ የሚለው የት ገባ?»

«ይኸው ነው ጓድ። ተቓላሳይ ማለት ታጋይ ማለት ነው።»

«ምኑም አይመስልም። ታጋይን የሚመስል ቃል የላቸውም?»

«ተጋዳላይ የሚል አለ» አልኩ።

«ታዲያስ! ሰውዬው ሆን ብለው ነው ያዞሩት።» ሰረዘና ከላዩ በእጁ «ተጋዳላይ» ብሎ ጻፈ።

እኔ አስመራ ነው ያደግሁት። ተጋዳላይ ሲባል ማን እንደሆነ እዚያ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሜዳ የወጣ የሻዕቢያ ወይም የሌላው የኤርትራ ግንባር የጀብሃ ተዋጊ ነው። እኛ በየቀኑ «ወንበዴ» የምንለው ሰው። ይህን ልነግረው ይገባ ነበር። ግን ማወቄ ራሱ ያስጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። አፌ ደረቀ። ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታ ሰማሁ።

በማግስቱ ከአስመራ ስልክ ተደወለ። «ማን ነው የተረጎመው?» ወረቀቱ ላይ ያለው የጋሼ ስም ነው። ማታ ሰርቪስ ልንሳፈር ስንል ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። ሹራባቸው ወንበራቸው ላይ ቀረ።

11 ቀን ታሰሩ። ቀዩ የተጻፈበት ወረቀት እኔ ፋይል ውስጥ ነበር። ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ሁለቴም መለስኩት።

ሲፈቱ ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧቸው። ትግርኛውን ከሁላችን በላይ የሚያውቁት ሰው የወረቀትና የካርቦን ቆጣሪ ሆኑ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ ወረቀቱ እኔ ጋ እንዳለ ነገርኳቸው። ደብተራቸውን ዘጉ።

«ማንን ጠይቆ ነው የጻፈው?»

«እኔን።»

ብዙ ዝም አሉ። «ቅደደው» አሉኝ። «አንተም ልጆች አሉህ።»

ኋላ ላይ አብረውኝ ለሠሩ ወጣት ተርጓሚዎች፣ ስለ አንድ ቃል ስትጠየቁ ማን እንደሚጠራበትም ጨምራችሁ ተናገሩ እላቸው ነበር። ከየት እንዳመጣሁት ግን አልነገርኳቸውም። በ1985 የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ ሳንሱር ሲከለከል ጋሼ በሕይወት አልነበሩም።

ወረቀቱን አልቀደድኩትም። ሰበታ ቤቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ቀዩ ደብዝዟል። ከሥሩ ያለው የጋሼ «ተቓላሳይ» አሁንም ይነበባል።