ጉም ውስጥ መነጽር

ዛሬ ደሴ ላይ ጦሳን ጉም ውጦት ነው የዋለው። አጎቴ ቤት አቦሉ እስኪወርድ የድሮ የአደን መነጽሩን አንስቼ ማጉያውን እስከ 12 እጥፍ አዞርኩትና ወደ ተራራው ደገንኩ። ጉሙ ራሱ ጎልቶ መጣ 😂

«ኧረ ተው ልጄ! ጉምን አጉልተህ ምን ልታደርገው ነው?»

ሰውዬው ባሌ ውስጥ ደጋ አጋዘን ፈላጊ አዳኞችን ሲመራ ነው የኖረው። ጉምና ጫካ ውስጥ 3 ይበቃል ይላል፤ እይታው ሰፊ ነዋ። ሲመሽማ ስሌት አለው፦ የፊቱን መስታወት ስፋት ለማጉያው ታካፍላለህ። 40 ሚሊሜትር ለ10 ሲካፈል ወደ ዓይንህ የሚደርሰው የብርሃን ክብ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ማጉያውን ወደ 5 ስትመልሰው 8 ይሆናል፤ ምስሉም ይፈካል። (እኔ ትልቅ ቁጥር ሁሉ የተሻለ ይመስለኝ ነበር።)

ስለ ካሊበር (የጥይት ውፍረት) ስጠይቀው የአያቴን ውጅግራ፣ ያንን የድሮ ጠመንጃ አነሳ። 11 ሚሊሜትር! የዛሬው 300 ዊንቸስተር ማግነም ጥይት 8 እንኳ አይሞላም፤ ግን ውጅግራ በጥቁር ባሩድ ስለሚተኮስ ጥይቱ ቀርፋፋ ነው፣ ራቅ ሲል ቶሎ ይወርዳል። ለሸለቆ ማዶ ፈጣኑ፣ ለቅርብ ጥሻ ወፍራሙ አለኝ።

በረካው ላይ ጉሙ ገለጥ አለ። መነጽሩን 3 ላይ አድርጌ ጦሳን ሳስስ ያገኘሁት አንዲት ፍየል ብቻ።