«አሸዋ አይደል እንዴ?»

በቤተ ሙከራችን ውሃ የምናስኬድበት የሙከራ ቦይ፣ ፍሉም የምንለው፣ የአሸዋ ወለሉ ገና መጽናቱ ነበር። ተማሪዋ የውሃ ከፍታ የምንለካበትን ፖይንት ጌጅ እያስተካከለች ነው፤ ልኬት ልትጀምር።

የማስተርስ ሥራዋ ነው። አሸዋው ከርብ ወንዝ የመጣ ነው። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል፦ ወለሉ ሲሸበሸብ ውሃው ምን ያህል ከፍ ይላል? ለፎገራ ሰው ግን ይህ የቤቱና የማሳው ጉዳይ ነው። ርብ ደለል እያመጣ የራሱን ወለል ይሞላል፤ ክረምት ላይ ገንፍሎ ሜዳው ላይ ይወጣል። ለዚህ የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የተሸበሸበ ወለል ውሃውን ይይዘዋል፣ ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ከፍ ይላል።

ሪፕል የምንላቸው ትንንሽ ሽብሽቦች የሚወጡት ደቃቅ አሸዋ ላይ፣ ውሃው ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው። አሸዋው ከ0.6 ሚሊ ሜትር ብዙ ከበለጠ አይወጡም። ደግሞ ቶሎ አይጸኑም። ፓምፑ መጠኑን ሳይለውጥ ለሰዓታት መሥራት አለበት። ባሕር ዳር ላይ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኃላፊያችን እንግዶች ይዘው ገቡ። «ይሄ ውሃ የቆመ ይመስላል እኮ» አሉና ቫልቩን ራሳቸው ከፈቱት። «ዶክተር፣ ይተዉት!» ብዬ ስደርስ ሽብሽቦቹ እየተጠረጉ ነበር። ፍጥነት በጣም ሲጨምር ወለሉ ልሙጥ ይሆናል። ጊልበርት የተባለው አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው የቦይ ሙከራ ይህንኑ ጽፎታል። እኛም ዓይናችን እያየ ሆነ። እንግዶቹ ፎቶ አነሱ።

«ሙከራ ላይ ነበርን እኮ፣ ዶክተር።»

«አሸዋ አይደል እንዴ? መልሳችሁ ደልድሉት።»

«ደልድለን ነው የጀመርነው። የምንፈልገው ውሃው ራሱ የሠራውን ነው።»

«መብራት ቢጠፋስ ያው አይደል?»

ይቺ ናት ያንገበገበችኝ። «አይደለም» አልኳቸው። «መብራት ሲጠፋ ውሃው ይቆማል። ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው በር ያቁረዋል፤ ወለሉም እንደተኛ ይቆያል። እርስዎ ግን ውሃ ለቀቁበት።»

«ቢሮ እንነጋገራለን» ብለው ወጡ። አልተነጋገርንም። ልጅቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ መደልደያውን አንስታ ከላይኛው ጫፍ ጀመረች። እኔን የከነከነኝ ዝምታዋ ነው። አለቃ ያበላሸውን ተማሪ ዝም ብሎ እንዲያስተካክል ማን አስለመደን?

እንግዳ ማስጎብኘት አልጠላም። ሰው ሥራችንን ቢያይልን ደስ ይለኛል። ቀድሞ ከተነገረኝ አሸዋ የሌለበትን ቦይ አዘጋጅቼ ሃይድሮሊክ ጃምፕ አሳያለሁ። ቦዩ ውስጥ ካለው በር ሥር ስስ ሆኖ የሚሮጠው ውሃ ድንገት ከፍ ብሎ ሲተራመስ ያየ ሰው ሌላ አይጠይቅም። ይህን ለኃላፊው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ፤ መልስ የለም። እስከዚያው ሙከራ ሲኖር የቫልቩን እጀታ ፈትቼ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበታለሁ።