ሞተሩ ይውረድ የተባለው ፒክአፕ

አንድ የተከላ ባለሙያ ለሥራ መመላለሻ ብሎ ያገለገለ፣ ባለ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን ፒክአፕ ገዛ። ሻጩ «ለመቶ ኪሎ ሜትር ከ10 ሊትር አይበልጥም» ብሎታል። ሁለት ወር ሳይሞላው መልሶ ሊሸጠው ቆርጦ የመሥሪያ ቤቱን ጋራዥ ሰዎች አማከረ። በእሱ ስሌት መኪናው ወደ 14 ሊትር ይፈጃል፤ ውጭ ያሳየው መካኒክም «ሞተሩ አርጅቷል፣ ይውረድ» ብሎታል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር።

መጀመሪያ የተፈተሸው ስሌቱ ራሱ ነው። ፉል አስሞልቶ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጎ፣ 420 ኪሎ ሜትር ነድቶ እዚያው ማደያ እንደገና ፉል ሲያስሞላ 58 ሊትር ገባ። 13.8 ማለት ነው። አካሄዱ ትክክል ነው፤ ቆጣሪው ግን ይዋሻል። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የጎማ ልክ 205/70 አር 15 ሲሆን መኪናው ያደረገው 235/75 አር 15 ነው። የመጀመሪያው ቁመት 668 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 733 ገደማ፣ ወደ 10 በመቶ ይበልጣል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ዙር ስለሆነ 420 ያለው መንገድ በእውነት 461 ነበር፤ ፍጆታውም 12.6። ጎማው ከልኩ መብለጡን የጭቃ መከላከያው ውስጥ ያለው የመፋቅ ምልክትም ይናገር ነበር።

ቀጥሎ ፍሬን። መኪናው ሜዳ መንገድ ላይ በ40 እየሄደ ማርሹ ፍሪ ሲደረግ ብዙ ሳይንሸራተት ይቆማል። ፍሬን እምብዛም ሳይረገጥ ሩብ ሰዓት ተነድቶ እጅ ወደ ቸርኬዎቹ ሲጠጋ (መንካት አያስፈልግም፣ ያቃጥላል) የኋላ ግራው ብቻ ይጋረፋል። የፊት ጎማዎቹ ታግደው፣ ኋላው በክሪክ ተነስቶ በመቆሚያ ከተደገፈ በኋላ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ሸራው ታምቡሩን ሲያሽ ይሰማል። የእጅ ፍሬኑ ካቦ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ አልመለስ ብሏል። ካቦው ተቀየረ፣ ሸራው ተጸድቶ ተስተካከለ።

ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው፣ ባገለገሉ መኪኖች ላይም ደጋግሞ ይገኛል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከሩብ አያልፍም፣ ቁልቁለት ላይ ጭራሽ ይወርዳል። ባለቤቱ «መኪናዬ አይግልም» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረበት ሲነሳ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይሞቃል። ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፍ ቫልቭ) ቢኖረውና ቢሠራ ቱቦው የተወሰነ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ ባንዴ ይግል ነበር። ሲፈታ ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ። «እንዳይግል» ተብሎ ቴርሞስታት ማውጣት የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ስለሚቆጥር ቤንዚን ማብዛቱን አያቆምም፣ ዘይቱም እንደወፈረ ይቀራል፣ ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። አዲስ ከመግባቱ በፊት ግን ለምን እንደወጣ መታወቅ አለበት። የተዘጋ ራዲያተር ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ለመደበቅ ወጥቶ ከሆነ አዲሱ በገባ ቀን ሞተሩ ይፈላል። እዚህ ውሃው አይጎድልም፣ ራዲያተሩም ንጹሕ ነበር፤ 82 ዲግሪ የሚል የተቀረጸበት የሞተሩ ልክ ቴርሞስታት ገባ። ጎማውም ወደ ልኩ ተመለሰ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው አለካክ 10.2 ወጣ።

ሦስቱም ከመግዛት በፊት ባንድ ጠዋት የሚታዩ ናቸው። ዋናው ነገር ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅ አስቀድሞ መንገር ነው፤ ሲደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ከተገኘ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) የያዘ ሰው የረጅም ጊዜውን የነዳጅ ማስተካከያ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ልክ ስንት በመቶ ነዳጅ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ያንብብ፦ ከዜሮ 5 በመቶ ወዲህና ወዲያ ጤነኛ ነው፤ ከ10 በላይ ሲጨመር አየር የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው) ወይም የደከመ የቤንዚን ፖምፓ ይጠረጠራል። የመኪናው የራስ ምርመራዎች «አልተጠናቀቁም» ካለ ደግሞ ባትሪ ተነቅሏል ወይም ሰው በቅርቡ ኮምፒውተሩ የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶች አጥፍቷል።

ናፍጣ ይሻል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በዚያው ተነሳ። መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ይህ ሰው በቀን 30 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ይሄዳል፤ በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንል 7,500 ኪሎ ሜትር። ናፍጣው በመቶ ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ቢቆጥብ በዓመት 150 ሊትር ነው። አንድ ጊዜ ኢንጄክተሮች ወይም ተርቦ መቀየር የበርካታ ዓመት ቁጠባን ይበላል። ከዚህም በላይ የጭስ ማጣሪያ ያለው ናፍጣ ጥላሸቱን አቃጥሎ ለመጨረስ ማጣሪያው 600 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ መቆየት አለበት፤ በከተማ የሩብ ሰዓት ጉዞ እዚያ አይደርስም። ማጣሪያው ይደፈናል፣ ናፍጣውም ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። ያገለገለ ናፍጣ ሲታይ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከላይኛው ምልክት በላይ ካሳየና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ መተው ነው። በየቀኑ ረጅም አውራ ጎዳና ለሚነዳ ወይም ከባድ ጭነት ለሚያመላልስ ግን ናፍጣ ቦታው ነው።

ጭቃ ከሌለ ባለ አራት ጎማ ጉልበቱን መተው፤ ተጨማሪ ክብደትና ተጨማሪ የሚሽከረከር ብረት በየቀኑ ነዳጅ ይከፈልበታል። ሁለት ተመሳሳይ ፒክአፖች ሲነጻጸሩ ሁለቱንም በመጨረሻው ማርሽ በ90 ነድቶ የሞተር ዙራቸውን ማየት ነው፤ አንዱ 2,400፣ ሌላው 3,000 ካለ የዲፈረንሻል ጥርሳቸው ይለያያል፣ ለአውራ ጎዳና አነስተኛው ዙር ይመረጣል። ካሶኒው ላይ የተተከለ የመሰላል መደርደሪያም ሥራ በሌለበት ቀን ይነሳ፤ ፍጥነት ከ90 ወደ 110 ሲያድግ አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል በግማሽ ያህል ይጨምራል።

የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋውን ከመኪናው ዋጋ ላይ ማስቀነስ ይገባል። ሻንሲው ደግሞ የኋላ አክስሉ በላይና ባሌስትራው የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ በትንሽ መዶሻ ይቆርቆር፦ ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ይታፈናል። ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከተገኘ ቀለሙ ተፍቆ ካልታየ ክፍያ መፈጸም የለበትም።